ጨረሩ የመጣበት ሳምንት

ሰኞ

ወተቴ መጣ። ይመጣል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት ስነሳ ቲሸርቴ ርሷል፤ መጀመሪያ ላብ መስሎኝ ነበር። ነርሷ ጋ ኮል ሳደርግ፣ «የአምስት ወር ፅንስም ቢሆን ይመጣል፤ አትጭመቂው፣ በረዶ ያዥበት» አለችኝ። ለማን ነው የመጣው? ልጄን ሆስፒታል አንድ ጊዜ አቀፍኳት፤ ትንፋሽ አልነበራትም። ከዚያ ወሰዷት።

ባለፈው ዓርብ፣ እኔ ደም እየፈሰሰኝ አልጋ ላይ ሳለሁ፣ ባሌ ከማልና የመስጊድ ሰዎች ቀበሯት። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አላወራንም። ዛሬ እሱ ሶዶ በሚባለው ሰፈር (የአገር ቤቱ ሶዶ አይደለም፤ የዚህ የፈረንጅ ከተማ ነው) ወዳለው መጋዘን ሥራው ተመለሰ።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ከሆስፒታል መስሎኝ ነበር። ሰማዩን በኤክስሬይ ከሚቃኘው ሳተላይት የመጣ መልእክት ነው፤ የማጠናው ጥቁር ጉድጓድ መብራት ጀምሯል። ዶክትሬቴን ከጀመርኩ ጀምሮ አንድም ቀን ነቅቶ አያውቅም። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ማክሰኞ

አማካሪዬ ካረን ደወለች። «እረፊ፣ ሌላ ተማሪ ይያዘው» አለችኝ። እምቢ አልኩ።

እንዴት ልተወው? ጥቁር ጉድጓዱ አጠገቡ ካለው ኮከብ ጋዝ ይስባል። ጋዙ ዙሪያውን ለዓመታት ይጠራቀምና ድንገት ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ሲግል በኤክስሬይ ይታያል። ከጋዙ ጥቂቱ ደግሞ እንደ ቀጭን ጅረት ወደ ውጭ ይወነጨፋል። የእሱን የሬዲዮ ሞገድ የሚይዙት በረሃ ላይ የተተከሉት ትልልቅ የሬዲዮ ዲሾች ናቸው። ዲሾቹ ወደዚያ እንዲዞሩልኝ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። አሁን ካመለጠኝ ዳግመኛ ላላየው እችላለሁ።

ይህን ስጽፍ «ጉድጓድ» የሚለው ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ብላክ ሆል ነው የምለው።

አማቴ እማማ ዘይነብ አጥሚት ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ አራስ ነሽ እኮ። ዝጊው ይሄን፤ ዓይንሽን ያጠፋዋል።»

አራስ። እንደወለደች ሴት የቆጠሩኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ዲሾቹ ዞሩ። ምንም የለም። ካረን «ገና ነው» አለች። አላመንኳትም።

ከማል ከሥራ ሲገባ ይህንኑ ነገርኩት። ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማኝ።

«ሰዓዳ፣ ስለ ኮከብ ቀኑን ሙሉ ታወሪያለሽ። ስለ ልጃችን አንድ ቃል አልተነፈስሽም።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያለ እኔ የቀበርካት!»

«ሬሳ አይቆይም። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«መጠበቅ!» ብዬ ጮኽኩ። ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ። ግን ጮኽኩ።

ወጥቶ ሄደ። በመስኮት ሳይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ሞተሩን አላስነሳም። ልወርድለት ፈለግኩ። አልወረድኩም።

ሐሙስ

ጡቴ ድንጋይ ሆኗል። ክንዴን ማንሳት አልችልም። እማማ ዘይነብ ፀጉሬን እየጎነጎኑልኝ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ከማል ማንንም አላስነካም። ራሱ ገላዋን አጠበ፣ ራሱ ከፈናት፣ ራሱ ወርዶ አስተኛት። ሲወጣ ሰው ደግፎ ነው ያመጣው።»

«ስም አወጣላት?»

እጃቸው ፀጉሬ ላይ ቆመ። «አወጣላት። ከእሱ አፍ ስሚው።»

ስም አላት። እኔ እናቷ አላውቀውም። ቀኑን ሙሉ በንዴት ቤቱን ስዞር ዋልኩ። ከማል ሲመጣ ግን መጠየቅ አቃተኝ። ፈራሁ መሰለኝ።

ዓርብ

ተገኘ! ዲሾቹ ያዙት! ደካማ ነው፤ ግን አለ፤ ልክ ኤክስሬዩ ከሚመጣበት ቦታ። በቪዲዮ ስብሰባው ላይ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ካሜራዬን አጠፋሁ።

ለከማል ልነግረው ደወልኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ማን አልካት?» የሚል ነው።

 ከኋላው ዕቃ የሚያነሳው የፎርክሊፍት ጩኸት ይሰማል።

«ሐያት» አለ። «ኢማሙ ሲጠይቀኝ እሱ ነው የመጣልኝ። ካልወደድሽው ብዬ… ሳላማክርሽ…»

«ወደ እሷ ውሰደኝ» አልኩት።

ቅዳሜ

ዝናብ። ትንሽ የአፈር ጉብታ ናት፤ ምልክት ገና አልቆመላትም። ከማል ባያሳየኝ አልፌያት እሄድ ነበር። ከቁርኣን ፋቲሓ ቀራንላት። ስሟን ልጠራ ስል ድምፄ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ እሱ ጨረሰልኝ። ያኔ ነው መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቀሰው። ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አቀፍኩት። ብዙ ቆየን። ማንኛችን ማንኛችንን እንደያዝን እንጃ።

ወደ ሰፈራችን ስካይዌይ ስንመለስ «የሬዲዮው ነገርስ?» አለኝ። እስከ ቤት ድረስ አስረዳሁት። ምን ያህሉ እንደገባው አላውቅም፤ ግን ሰማኝ።

እማማ ዘይነብ የመቃብሯ ጭቃ የነካውን ቀሚሴን ሊያጥቡ አነሱት። «ይቆይልኝ» አልኳቸው። መልሰው አስቀመጡት።