ስድስት ቀን የጎደለው ሶሌታ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ገብረየስ፤ አምባ ጊዮርጊስ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ ብርዱን ችሎ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደርስዎታል ወይስ አሁንም ቅዳሴውን ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰሙት? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ብርቅነሽ በስልክ «አባባ አሁን ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው» ስትለኝ እንደ ቀልድ ሳቅሁላት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሆዴ ባባ። እማማስ ደህና ናት? ራስ ምታቷ ተዋት? የሚያፈሰው የጓዳው ጣሪያ ተደፈነ ወይስ እኔን እየጠበቀ ነው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ሙቀት በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ብርቅነሽ፣ ይህን ስታነቢላቸው እንደ ልማድሽ የግንባታውን ወሬ አትዝለዪ፤ እሳቸው የሚፈልጉት እሱን ነው።

ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ያልኩት እንደጸና ነው። ጳጉሜ ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተነሥቼ በመተማ በኩል እገባለሁ። ካየኋችሁ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ዘንድሮም ብቀር እኔው ራሴን አልምረውም። ወንድሜ ጌታሁን በጉን ካሁኑ ገዝቶ ያቆየው።

ዛሬ ሰኞ ነው፤ የእስላሞቹ ኢድ ነገ ይሆናል እየተባለ ነው። ይህን የምጽፈው በሥራ ቦታ፣ ከቆርቆሮ ቢሮዬ ተቀምጬ ነው። ሥራዬን በወጉ ነግሬዎት አላውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚሁ ካርቱም አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ እድሳት ላይ ነኝ። እነሱ ሙራቂብ ይሉኛል፤ እኛ ፎርማን እንደምንለው ነው። በአንድ ጊዜ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ቧንቧ ይቀየራል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ይጠገናል፣ የድሮው መማሪያ አዳራሽ ደግሞ ቆርቆሮው ተነሥቶ ሶሌታ ተሞልቶበታል። ብርቅነሽ፣ ሶሌታ ምንድን ነው ካልሽ የአርማታ ጣሪያ ነው፤ ፎቅ የሚወጣው በሱ ላይ ነው።

አባባ፣ እርስዎ የሰው ቤት ሲሠሩ ባለቤቱ አንድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ግን ባለቤቱ አያልቅም። አንዱ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይዙርልኝ ይላል፣ ሌላው በፈተና ሰሞን መዶሻ እንዳልሰማ ይላል። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ደግሞ ከቢሮዬ አልወጣም ብለው ጣሪያቸው ሲፈርስ መጽሐፋቸውን በላስቲክ ሸፍነን፣ እሳቸውም ጃንጥላ ዘርግተው ሲያነቡ ከረሙ። ሁሉንም የምታስታርቀው የግቢው የግንባታ ቢሮ ኃላፊ ኢንጂነር ሉጥፊያ ናት። ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት፤ ሥራ ታውቃለች። የሚያስጨንቀን የሰው እጥረት ነው። ሐምሌ ላይ ደቡቦቹ የራሳቸውን አገር ሲያቆሙ ጎበዞቹ የቀን ሠራተኞች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። በዚያ ላይ የእኛ ፍልሰታና የእነሱ ረመዳን ዘንድሮ ገጠሙ። ግቢው ውስጥ ደፍሮ ውሃ የሚጠጣው የሲሚንቶ ማደባለቂያው ብቻ ነበር።

አሁን ከሥር፣ አዳራሹ ውስጥ ኢክሪማና አምስት ልጆች ጣሪያውን እየለሰኑ ነው። ኢክሪማ ከወሎ የመጣ የልስን ሠራተኛ ነው፤ ሳጃና ሠፈር ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሲኖር ስምንት ዓመቱ ነው፤ ወንድሜ ነው ብል አላጋነንኩም። ከኢዱ በፊት ልጨርስ ብሎ ይኸው በጾም አፉ ከመወጣጫው አልወርድ ብሏል። ሶሌታው ያምራል አባባ፤ ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። የሞላነው ነሐሴ ሰባት ቀን ቅዳሜ ነው፤ ከንጋት ጀምረን

አባባ፣ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን ጥዬ ሮጥኩ። ይህን የምቀጥልልዎት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ነው። ወረቀቱን ቀይሬ እንደ አዲስ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ከላይ ያለውን እንዳለ ይስሙት ብዬ ተውኩት።

የሆነውን ልንገርዎት። እርስዎ አርማታ የተሞላበትን ቀን ሳይደርቅ በምስማር ይጭሩበት ነበር። እኛ ደግሞ ምሰሶው ላይ በቀይ ቀለም እንጽፋለን። አርማታው እስኪጠነክር ከሥር የሚይዘው የብረት ድጋፍ የሚነሣው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ አንድ ተቆጥሮ ነው። እኔ የራሴን ማስታወሻ በእኛ ቀን እይዛለሁ፤ ምሰሶ ላይ ስጽፍ ግን የነሐሴ ቀን ከሆነ ስድስት ደምሬበት በእነሱ አቆጣጠር አደርገዋለሁ። ስንቱን ምሰሶ እንዲያ ስጽፍ ከርሜአለሁ። የዚያን ቅዳሜ ግን በጾመኛ ፊት ውሃ መጠጣት ነውር ሆኖብኝ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር የዋልኩት። ማታ ላይ ብሩሹን ይዤ ቀኑን ከማስታወሻዬ እንዳለ ገለበጥኩት፤ ወሩን ግን የእነሱን ስምንተኛ ወር ጻፍኩ። ስድስቷን ሳልደምር ቀረሁ። አሥራ ሦስት መሆን የነበረበት ሰባት ሆነ፤ የእኛም ያልሆነ የእነሱም ያልሆነ ቀን።

ኢንጂነር ሉጥፊያ በዚያ ሰሞን እናቷ ሞተውባት ወድ መደኒ ከተማ ለቅሶ ላይ ነበረች። ስትመለስ ምሰሶውን አይታ ሃያ አንድ ቆጠረች፤ እሁድ ወጣላት። እሁድ ድጋፉን አነሣን፤ «አንሡ» ያልኩትም እኔው ነኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ፤ በዚያ ቁጥር ፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስመላለስ አላየሁትም። ሰኞ ለእርስዎ «ነሐሴ ሰባት» ብዬ ስጽፍ ነው ያየሁት። የሶሌታው ድጋፍ የተነሣው በአሥራ አምስት ቀኑ ነው፤ ከሥሩ ስድስት ሰው አለ።

እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም። በአማርኛና በዐረብኛ እያቀላቀልኩ ውጡ ስል እሳት የተነሣ መስሏቸው ወጡ። ከዚያ ሁላችንም በሩ ላይ ቆመን ባዶውን አዳራሽ አየነው። ምንም አልሆነም፤ ጸጥ ብሎ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ባልነግርዎት ደስ ባለኝ። ልጆቹ ጥላ ፍለጋ ዞር ሲሉ ቀይ ቀለሙን ከፍቼ ብሩሹን ነከርኩ። ሰባቷን አሥራ ሦስት ባደርጋት ማን ያውቃል? ቢሮ ያለው ወረቀት ኢንጂነሯ ከምሰሶው የቀዳችው ነው። ጥፋቱም የእኔ መሆኑ ይቀርና በለቅሶ ላይ የነበረች ሴት ቀን መቁጠር አቅቷት ነው ይባላል። እጄን ወደ ምሰሶው ስሰድ ኢክሪማ ከኋላዬ ቆሟል። አልተቆጣም። «ሀይሉ፣ ወላሂ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለኝ። «ከጠየቁኝ አላየሁም አልልልህም።» ብሩሹን መልሼ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጥኩት። አባባ፣ እሱ ባይመጣ ኖሮ እቀባው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ለኢንጂነር ሉጥፊያ ደወልኩላት። ቤቷ ካለበት ከካፉሪ ሠፈር ድልድዩን ተሻግራ መጣች። አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ማስታወሻዬን ተቀብላ ፊደሉን ባታውቀውም ቁጥሮቹን እያየች በከንፈሯ ቆጠረች። ወራችሁ ስንት ቀን ነው አለችኝ። ሁሉም ሠላሳ ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት አንዲት ወር አለች አልኳት። «ሀይሉ፣ አሥራ ሦስት ወር ይዛችሁ ከሰው ጋር እንዴት ትኖራላችሁ?» አለችና ወዲያው ዞር ብላ «ያላ፣ ድጋፉን መልስ» አለችኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። የብረት ድጋፉ መኪና ላይ ተጭኗል፣ ሹፌሩ ለኢድ አገሩ ሄዷል፣ የሚያወርድ ሰው የለም። ሳጃና ሄጄ ከቤት ቤት፣ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ዞርኩ። ኢዱ የማይመለከታቸው የአገሬ ልጆች አሥራ አራት ሆነው መጡ፤ ግማሾቹ ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። ኢክሪማና ልጆቹም እንዲሄዱ ብለምናቸው እምቢ አሉ። እሱ ከሥር ገብቶ ድጋፍ ሲያቆም፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ሳጠብቅ፣ ሁለታችንም ወደ ላይ ቀና አላልንም። የፀሐይ መግቢያው አዛን ሲሰማ አንድ ድጋፍ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ እሱን አቆመ፤ ከዚያ ነው ውሃ የጠጣው።

ኢንጂነሯ ቀጭን ገመድ አስወጥራ ለካች። ሶሌታው መሀሉ ላይ የግማሽ ጣት ያህል ወርዷል። ይህን ከስሜ ጋር በደብተሯ ጻፈችው፣ እኔንም አስፈረመችኝ። ጥፋቴ ነው ብዬ ፈረምኩ። ከእንግዲህ ሃያ አንዱ ቀርቶ ሃያ ስምንት ቀን ይሙላ አለች፤ ትክክለኛው ሃያ ስምንተኛ ቀን ጳጉሜ አምስት ነው። የዚያን ቀን ድጋፉ ይነሣል፣ ከላዩ የአሸዋ ከረጢት ይደረደራል፣ ቀኑን ሙሉ ይጠበቃል። ከቻለ ቻለ። ካልቻለ ይፈርሳል፣ እኔም ከሥራው እባረራለሁ። እስከዚያ የመኖሪያ ወረቀቴም ሆነ ፓስፖርቴ በአሠሪው እጅ ነው፤ ንቅንቅ ማለት አልችልም። ስለዚህ አባባ፣ ለእንቁጣጣሽ አልመጣም። ከላይ የጻፍኩትን መሰረዝ ስላልሆነልኝ ነው እንዳለ የተውኩት።

እነዚህን ሦስት ቀናት መቀመጫ አጥቼ ከረምኩ። ግቢው ለኢድ ተዘግቷል፤ ዘበኛው ስለሚያውቀኝ ያስገባኛል። አዳራሹን እዞረዋለሁ፣ ድጋፉን አንድ በአንድ በእጄ እነካለሁ፣ ሃምሳ ስምንት ነው፣ እንደገና እቆጥረዋለሁ። ከዚያ በቃኝ ብዬ በሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ቤቴ እመለሳለሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ደግሞ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ውሃ ማጠጣቱ አሁን ብዙም እንደማይረባ እያወቅሁ ጎማውን ጎትቼ ከላይ አጠጣዋለሁ። ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ተመልሼ ድጋፉን እነካለሁ። ምግብ አልወርድልኝ አለ። ትናንት የኢክሪማ ዘመዶች የኢድ ኬክ ይዘውልኝ መጥተው በእጄ እንደያዝኩት ስንቆራጠጥ አይተው ሳቁብኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ነገር ነው። እርስዎ ድጋፍ ሲነሣ ከሥር ይቆሙ ነበር። አናጢዎቹ «ጋሽ ገብረየስ ይውጡ እንጂ» ሲሉዎት «እኔ ያልቆምኩበት ቤት ማን ይገባበታል?» ይሉ ነበር። ልጅ ሆኜ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አይዎት ነበር፤ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ጣሪያውን ቀና ብለው ያዩታል። እሁድ ዕለት እኔ የት እንደነበርኩ ያውቃሉ? ውጭ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ወረቀት ይዤ። ከሥር ቆሜ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቀና ብዬ ቀኑን እጠይቅ ነበር። ሰው የሚቆምበት ቦታ ሲያስፈራው ደኅና አድርጎ ይቆጥራል።

ለኢንጂነር ሉጥፊያ በፈተናው ቀን ከሥር ልቁም ብላት ሰው ከሥር አይቆምም፣ ደንብ ነው ብላ ከለከለችኝ። በማግሥቱ አሸዋው ከወረደ በኋላ ግን መጀመሪያ የምገባው እኔ እንድሆን ለመንኳት። «ኢንሻላህ» አለች። በማግሥቱ ማለት ጳጉሜ ስድስት ነው፤ ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት መሆኗን አልረሳሁም። የዋዜማው ዕለት እናንተ ደጅ ላይ ችቦ ስታዘጋጁ እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እቆማለሁ።

እማማ፣ በአንቺ ፊት ቃሌን አጥፌአለሁና ይቅር በይኝ፤ ለአንቺ የገዛሁትን ነጠላ የሚመጣ ሰው ይዞልሽ ይመጣል። ጌታሁን፣ በጉን ገዝተህ ከሆነ እረዱት፤ እኔን ብላችሁ በዓሉን እንዳታደበዝዙት። ትንሿን ትንሣኤን ሳሙልኝ፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከነጠላው ጋር ነው፣ ቀይዋ የሷ ናት። ብርቅነሽ፣ ሳትዘልዪ እዚህ ከደረስሽ እኅቴ ነሽ። ኢክሪማም በእጁ ሻይ ይዞ እዚህ ተቀምጧል፤ አባባን ሰላም በልልኝ ብሏል።

አባባ፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ከምሳ በኋላ ስልኩን ከአጠገብዎ አያርቁት። ከአዳራሹ መሀል ቆሜ እደውልልዎታለሁ። ምንም አልነግርዎትም፤ እንደምን ዋሉ ብቻ ነው የምለው። ድምፄ ከላይ ተመልሶ ሲያስተጋባ ከሰሙ ጣሪያው ቆሟል፣ ልጅዎም ከሥሩ ቆሟል ማለት ነው። ድምፄ ሜዳ ላይ እንዳለ ሰው ባዶውን ከመጣ ግን ምንም አይጠይቁኝ፤ ዝም ብለው ይመርቁኝ።

ልጅዎ ሀይሉ ገብረየስ

ካርቱም፣ ሳጃና
ነሐሴ 26 ቀን 2003 ዓ.ም.፤ በእነሱ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2011።
ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ ኢክሪማም ቆጥሮታል።