ፕላስቲክ የለበሰው የጋብቻ ወረቀት

ሰኞ

ፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይመታም! ይህችን ለመስማት ነው በማለዳ ከአዳማ ተነስቼ አዲስ አበባ የሄድኩት። ሰነድ የሚያረጋግጠው ሠራተኛ የጋብቻ ምስክር ወረቀቴን አገላብጦ አየው፣ በጥፍሩ ቧጨር አደረገው፣ ከዚያ “እህቴ፣ ማነው ላሚኔት ያደረገው?” አለኝ።

“አማቴ” አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ባሌ ዳዊት ጣሊያን ነው። እሱ ጋ ለመሄድ የኤምባሲ ቀጠሮዬ ዓርብ ጠዋት ነው፤ አምስት ወር የጠበቅኩት ቀጠሮ። ወረቀቱ ካልተረጋገጠ ኤምባሲው አይቀበለውም። የዳዊት እናት እትዬ አስካለ ደግሞ፣ እንዳይቆሽሽብኝ ብለው፣ ባለፈው ሳምንት ሳይነግሩኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ላሚኔት አስደረጉት። እኔም ሞኟ ሲያብረቀርቅ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ የሞከርኩት፦
በምላጭ ጠርዙን መላጥ። እምቢ።
ጎረቤታችን ካለው ጸጉር ቤት ፎን ተውሶ ማሞቅ። ትንሽ ለቀቅ አለ።
ቀስ ብሎ መሳብ። የዳዊት ፎቶ ግማሽ ግንባሩ ከፕላስቲኩ ጋር መጣ።

አቆምኩ። ለእትዬ ምንም አልነገርኳቸውም። አፌን ከከፈትኩ የሚወጣውን አላውቅም።

ማክሰኞ

የተመዘገብንበት ቢሮ ሄድኩ። ሰናይት የምትባል ሠራተኛ መዝገቡን ገልጣ ወዲያው አገኘችን። የተበላሸውን ከመለስኩ ምትክ ይሰጠኛል! እልል ልል ስል “የሚፈርሙት ግን አቶ ገመቹ ናቸው። ሶደሬ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ቅዳሜ ነው የሚመለሱት” አለችኝ። አዲስ አበባ የሚታወቀው የሳቸው ፊርማ ብቻ ነው። ስልካቸው ዝግ።

ቤት ስገባ እትዬ “ምነው ፊትሽ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ጮህኩባቸውም። “ማን ይንኩት አለዎት!” አልኳቸው። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። እራት አልበሉም። እኔም አልበላሁም። አፍሬያለሁ።

ረቡዕ

ስነሳ እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። “ሶደሬ እንሂድ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እለምናለሁ።”

ሚኒባስ ውስጥ ነገሩኝ። ድሮ ወንጂ ሳሉ አዋሽ ሞልቶ ቤታቸው ገባ። ሳጥን ውስጥ የነበረው የጋብቻ ወረቀታቸው ገንፎ ሆነ። ኋላ ባላቸው ሲሞቱ፣ ሚስት መሆናቸውን ለማስረዳት ዓመት ሙሉ ምስክር ሲለምኑ ከረሙ። “ያንቺም እንደዚያ እንዳይሆን ብዬ ነው፣ ልጄ” አሉኝ። ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስንወርድ ሙዝ ገዛሁላቸው።

አቶ ገመቹን ያገኘናቸው በምሳ ሰዓት፣ ከፍል ውሃው ሲወጡ፣ በፎጣ ነው። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ። እትዬ ግን በኦሮምኛ “አካም ጅርቱ!” ብለው ፊት ለፊታቸው ገተር አሉ። “ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቷ በኔ የተነሳ ከባሏ አትቅር” አሏቸው። ሰውየው ፎጣቸውን በአንድ እጅ እንደያዙ ሁሉንም ሰሙ።

“እዚህ አልፈርምም፣ እናቴ። መዝገቡም ማኅተሙም ቢሮ ነው” አሉ። “ነገ ግን ሥልጠናው ሳይጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ብቅ እላለሁ። ሰናይትንም እነግራታለሁ።”

ሐሙስ

አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነበርን። ሰናይት መጣች። አንድ ተኩል ሆነ፣ እሳቸው የሉም። ሩብ ጉዳይ፣ የሉም። እትዬ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መጸለይ ጀመሩ። ለሁለት አምስት ጉዳይ ሲል አቶ ገመቹ እርጥብ ጸጉራቸውን እያበሱ ደረሱ። ፈረሙ። ማኅተሙ ተመታ። ትናንት ያላወጣሁትን ይቅርታ እትዬ ጆሮ ላይ አልኩት። “ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል” አሉኝ።

ሰናይት አሮጌው ላይ “የተሰረዘ” ብላ ልትጽፍ ብትሞክር እስክሪብቶው ተንሸራተተባት። በመጨረሻ በወረቀት መብሻ አናቱን በሳችው። ኮፒውን ለፋይል አስቀረችና እትዬ ሲለምኗት ዋናውን ለሳቸው ሰጠቻቸው። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ቸኩያለሁ።

አዲስ አበባ የሰኞው ሠራተኛ አስታወሰኝ። “አማትሽ ደህና ናቸው?” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ማኅተሙን አንስቶ፣ ዷ! እንዲህ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ አክስቴ ቤት ነኝ። ወረቀቱን ስንቴ አውጥቼ እንዳየሁት አልናገርም።

ዓርብ

ተቀበሉኝ! አንድም ወረቀት አልጎደለም። “እንደውልልሻለን” አሉኝ፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ዳዊት በስልክ “እውነት ተቀበሉሽ?” እያለ ሦስቴ ጠየቀኝ። ግማሽ ግንባሩ መላጡን ስነግረው ሳቁ አላቆም አለው።

አዳማ ስገባ ሳሎን ግድግዳ ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ፕላስቲክ የለበሰው ወረቀት! ሰናይት በበሳችው ቀዳዳ እትዬ ክር አስገብተው ከባላቸው ፎቶ አጠገብ ሰቅለውታል።

“እናንተ አዲሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ይቺ ከኔ ጋር ትቀመጣለች” አሉኝ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጓት። “አዋሽ ቤት ቢገባ እንኳ ምንም አትሆንም።”

ስቄ ስቄ መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጭንቀቴ ሳልሄድ እንዳልቀር ነበር። እሳቸው ብቻቸውን እንደሚቀሩ ያሰብኩት ዛሬ ነው።