ከግንቡ ጀርባ የሰማናቸው ፊልሞች

አሰብ፣ ግንቦት ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሣህሉ፣
የባሕር ነፋስ መዝናኛ ክበብ ሊቀ መንበርና የክበቡ ሲኒማ የበላይ ኃላፊ፣
ካሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና ለመላው ቤተ ሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብሁ፣ ይህ የአሰብ ሙቀት በእኛ ላይ የሚሠራውን በእርስዎ ላይ ሳይሠራ፣ የቢሮዎም ቬንቲላቶር ሳያቋርጥ እየዞረልዎ በመልካም ጤንነት እንዲሰነብቱ እመኛለሁ። ስሜ ካሣ ወሰኔ ይባላል። ክቡርነትዎ በሚያስተዳድሩት መጋዘን ጸሐፊ ነኝ። ማክሰኞና ቅዳሜ ሲመሽ ግን ከጸሐፊነቴ የሚበልጥብኝ ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ ፊልም አይ ነበር። አሁን ፊልም እሰማለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው አንድ ነገር ለመለመን ነው፤ በጀልባ ወደሚኬድባት ወደ ጥዖ ያዛወሩት መካኒካችን ሀብቴ እንዲመለስልን። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

ደብዳቤው በማያውቀን ሰው እጅ ቢገባ ግራ እንዳያጋባ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የክበባችን ሲኒማ ጣሪያ የለውም። ቀድሞ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ፊልሙ የሚታይበት አቡጀዲ ይወጠርና የክበቡ አባላት ከፊት በወንበር ይቀመጡ ነበር። አባል ያልሆንነው፣ ማለትም የወደቡ ጫኝና አውራጆች፣ የካምዮን ሾፌሮች፣ ከራሔይታ ዓሣ ይዘው የመጡ አፋሮች፣ እኔም ጭምር፣ ከአቡጀዲው ጀርባ በባሕሩ በኩል ባዶ በርሜልና አሮጌ ጎማ ላይ እንቀመጥ ነበር። የማሽኑ ብርሃን ጨርቁን አልፎ ስለሚመጣ እናንተ ያያችሁትን ሁሉ እኛም አይተናል፤ ግራና ቀኙ መገልበጡ ብቻ ነበር ልዩነቱ። ለእኛ ካውቦይ የተባለ ሁሉ ግራኝ ነው። ሾፌሩ ክፍሌ አንድ ጊዜ ጭነቱን አዲስ አበባ አራግፎ ሲኒማ ቤት ገባና እዚህ ያየነውን ፊልም ከፊት ለፊት አየው። ተመልሶ በእቴናት ምግብ ቤት ለተሰበሰበው ሰው፣ አዲስ አበቤዎች ፊልሙን በተሳሳተ ጎኑ እንደሚያዩና ሽጉጡንም በማይሆን እጅ እንደሚያስይዙት ሲያስረዳ፣ ሁላችንም ለዚያ ከተማ ሕዝብ ከልብ አዘንንለት።

ጽሑፉ ተገልብጦ ስለሚታየንና የጣልያኑንም ሆነ የሕንዱን ፊልም ቋንቋ ስለማናውቅ ሀብቴ ነበረልን። ሀብቴ የመጋዘናችን መካኒክ ነው። ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ስላደገ ጣልያንኛውን አሳምሮ ያውቃል፤ የሕንድ ቋንቋ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። ይህ ጉድለት ከሥራው አግዶት አያውቅም። ምሰሶውን ተደግፎ ይቆምና ፊልሙን ከፍ ባለ ድምፅ በአማርኛ ይነግረናል፤ የሚያውቀውን ይተረጉማል፣ የማያውቀውን ይፈጥራል። እውነቱን ለመናገር የፈጠረው ከተረጎመው ይበልጥ ነበር። ጨርቅ ድምፅ ስለማይከለክል ፊት የተቀመጡትም ይሰሙታል፤ ጣልያንኛ እናውቃለን የሚሉት ወይዛዝርት ሳይቀሩ ሀብቴ እስኪናገር ጠብቀው ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ግንቡ። ባለፈው የካቲት አቡጀዲው ወርዶ በቦታው ግንብ ስላሠሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በማስታወቂያው ላይ እንደተገለጸው ምክንያቱ ነፋስ ጨርቁን እየቀደደ ማስቸገሩ ነው። እኔም ይህን ሙሉ በሙሉ አምኛለሁ። በጥር ወር፣ በአንድ የሕንድ ፊልም ላይ፣ የመንደሩን ጉድጓድ ቆልፎ ሕዝቡን ውኃ ያስጠማው ወፍራም ሹም አፉን በከፈተ ቁጥር ሀብቴ፣ ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል፣ በኮሚቴ ይታያል እያለ መተርጎሙ፣ ድምፁም የአንድ የምናውቀውን ሰው ድምፅ መምሰሉ፣ ከፊት የሳቀው ሰው ከኋላ ከሳቀው መብለጡ፣ የክብርት ባለቤትዎ ሳቅም እኛ ጋ ድረስ ጥርት ብሎ መሰማቱ፣ ይህ ሁሉ ከግንቡ ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው ለጠየቀኝ ሁሉ እመሰክራለሁ። ያን ሌሊት ነፋስ ነበር። የግንቡ የፊት ገጽ በኖራ ተቀብቶ ወተት መስሏል ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኛ በኩል ያለው ገጽ ልስን እንኳ አልደረሰውም፤ ብሎኬቱን ግን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። አቡጀዲውም የወንበሮቻችሁ የአቧራ መከላከያ ሆኖ ሥራ ስላላጣ ደስ ብሎኛል።

፪ኛ፤ ስለ ፊልሞቹ። የሲኒማ ወዳጅ ያየውን መመስከር ልማዱ ስለሆነ፣ ሰሞኑን ስላሳዩን ፊልሞች አስተያየቴን እሰጣለሁ። የካውቦዩ ፊልም እጅግ ግሩም ነው። ፈረሶቹ ከግራ ይሁን ከቀኝ እንጃ፣ ግን ከአንድ ወገን መጥተው ወደ አንድ ወገን ሄደዋል። ተኩሱ ጥሩ ነበር፤ የሞተው ሰው ደግ ይሁን ክፉ ስላላወቅን ለጥንቃቄ ሁላችንም ዝም አልን። የሕንዱ ፊልም ዘፈን የበዛበት ነው። አንዲት ሴት ለረጅም ጊዜ ታለቅሳለች፤ ቀጥሎ ዘፈን ይመጣል፤ ከዘፈኑ በኋላ የሚያለቅሰው ወንድ ነው። በመካከል ምን እንደደረሰባቸው የሚያውቅ ቢኖር ምናለ? እሷን ያስለቀሰውን ሳላውቅ አብሬያት ሆድ ባሰኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሦስተኛው ነው። ንግግር የሚባል የለውም፤ ባዶ ጸጥታ ነው። ድንገት ከፊት የተቀመጠው ሰው በሙሉ አንድ ላይ ውይ አለ፤ ከዚያ እንደገና ጸጥ። ወዲያው የወንበር ድምፅ ሰማንና ማለቁን አወቅን። በማግሥቱ አንድ የክበብ አባል ምን እንዳየ ብጠይቀው፣ ያው ሰውዬው ሞተ ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። ሀብቴ ቢሆን ኖሮ ያ ሰውዬ እስኪሞት ድረስ እናቱን፣ ዕዳውንና ያልታረቀውን ወንድሙን ሁሉ አሳውቆን፣ ስንቀብረው እናመሽ ነበር።

፫ኛ፤ ስለ ዝምታው። ግንቡ እንደተሠራ ሀብቴ ተስፋ አልቆረጠም፤ ጆሮውን ብሎኬቱ ላይ ለጥፎ ከድምፁ ብቻ ፊልም ይሠራልን ጀመር። በር ሲጢጥ ሲል፣ መኪና ሲቆም፣ ሴት ስትተነፍስ ሰምቶ ሙሉ ታሪክ ያወጣ ነበር። እንዲያውም ከፊት ያሉ አንዳንድ ወንበሮች ባዶ መሆን ጀምረው፣ ጫማ ያደረጉ ሰዎች እኛ በርሜል ላይ መታየት ጀምረው ነበር። ከዚያ ከግንቡ በስተጀርባ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ ተለጠፈልን። አፋሮቹ ጽሑፉን ማንበብ ስለማይችሉ ሀብቴ ራሱ በሹክሹክታ አነበበላቸው።

ከዚያም ክፍሌ መርከበኞች የተዉትን ባለ ሥዕል የጣልያን መጽሔት አመጣ። ክቡርነትዎ መጽሔቱን ያውቁታል፤ በክበቡ ንባብ ቤት መስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈበት እሱ ነው፣ ሥዕሉ በሣጥን በሣጥን ተከፍሎ፣ ሰዎቹ ሲናገሩ ቃላቸው ከራሳቸው በላይ ደመና መስሎ የሚጻፍበት። ክፍሌ የካምዮኑን መብራት አበራ፤ ሀብቴ ገጹን እየገለጠ በለሆሳስ አነበበልን። አንድ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ጣሪያ ለጣሪያ እየዘለለ ጨቋኝ መስፍንን የሚያሳድድበት ታሪክ ነው። ሰይፉን በቀኝ እጁ መያዙ መጀመሪያ ቅር አሰኝቶን ነበር፤ ቆይተን ለመድነው። መስፍኑ ሰገነቱ ላይ እንደቆመ፣ ጭምብል የለበሰውም ከኋላው ብቅ እንዳለ፣ ዘበኛዎ መጥቶ የካምዮን መብራት ፊልሙን ስለሚያበላሽ ካምዮን በዚያ እንዳይቆም መታዘዙን ነገረን። ትእዛዙን አክብረን ተነሣን። ሆኖም ያ ግንብ ብርሃን እንደማያሳልፍ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በአሰብ የለም። ጭምብል የለበሰው ሰው መስፍኑን ይያዘው አይያዘው እስከ ዛሬ አላወቅንም።

፬ኛ፤ እዚህ ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመጋቢት መጨረሻ ሀብቴ ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል ወደ ጥዖ ተዛውሯል የሚል ወረቀት ደረሰው። መካኒክ ነው፤ ጥዖ ላይ ግን መጋዘናችን የሚጠገን ማሽን የለውም፣ ያለው አንድ ሚዛን ነው። ጀልባው ሲነሣ ሄደን ሸኘነው። እቴናት ስንቁን ቋጥራ ሰጥታ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ማነው አሁን የሚነግረኝ ብላ አለቀሰች። ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ ለሾፌር ስታበስል ውላ በሳምንት ሁለት ማታ የምታርፈው እዚያ በርሜል ላይ ነበር። እኔም ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ። ከወሎ ወደዚህ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ በዚህ ሙቀት ውስጥ ሰው መሆኔን የማስታውሰው ሀብቴ ምሰሶውን ተደግፎ እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ ሲል ነበር። ክቡር ሆይ፣ የቀለዱበት ሰው ቢናደድ አልፈርድበትም፤ ተናዶ ቢሰድብ፣ ጠርቶ ቢቆጣ፣ እኔም ብሆን አደርገው ይሆናል። ሳቅ ለማስቆም ግን ግንብ ማሠራት፣ ግንቡም ሳይበቃ ሲቀር ሰውን በጀልባ ጭኖ መላክ፣ ይህን ለማድረግ ከፍ ያለ ሥልጣን ያስፈልጋል። ያም ለክቡርነትዎ ስለተሰጠዎ እንኳን ደስ ያለዎ።

ልመናዬ አጭር ነው። ግንቡ ይቁም፤ ለምደነዋል፣ ከሰዓት በኋላ ጥላም ይሰጣል። ማስታወቂያውም ይቁም። ሀብቴን ብቻ ይመልሱልን። በሹክሹክታ መናገር እንደሆነ ተምሯል። ይህን በመጻፌ እኔንም ማዛወር አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ፣ ወደ በረሃዋ ወደ ደባይሲማ ይሁን፤ እዚያ ፊልም የሚባል ነገር ስለሌለ የሚናፍቀኝ አይኖርም፤ ይህን አስበው ቢያዛውሩኝ እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በክበቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር፤ ሰሌዳው ለአባላት ብቻ ስለሆነ ከግንቡ በስተጀርባ፣ ባልተለሰነው ገጽ ላይ፣ በዓይን ትክክል ለጥፌዋለሁ። ያ ገጽ ከተሠራ ጀምሮ አንድ የሚታይ ነገር እንኳ ሳይኖረው መቆየቱ አሳዝኖኝ ነው። ክቡርነትዎ ሊያነቡት ከፈለጉ ወደ ኋላ ዞር ብለው ይምጡ፤ በርሜል አናሳጣዎትም።

በክቡርነትዎ ጥላ ሥር በሚገባ የጨለመብኝ፣ ፊልምን በጆሮው የሚያየው ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ካሣ ወሰኔ

ተጨማሪ፤ ከጥዖ የመጣ ዓሣ አጥማጅ እንደነገረን፣ ሀብቴ እዚያ የጀልባ ሸራ አስወጥሮ፣ በስተኋላው ፋኖስ አብርቶ፣ ማሽን በሌለበት ፊልም ማሳየት ጀምሯል። ሰዎቹ ከሸራው በሁለቱም በኩል ይቀመጣሉ፤ ፊትና ኋላ የሚባል የላቸውም። ደጋግመው የሚያስነግሩት ፊልም ሚስቱ በመሳቋ ምክንያት ግንብ ስላሠራ ሹም ነው አሉ። መጨረሻው ምን ሆነ ብለን ዓሣ አጥማጁን ስንጠይቀው፣ ሀብቴ እሱን ገና እንዳልነገራቸውና የክቡርነትዎን ውሳኔ እየጠበቀ መሆኑን ነገረን።