በስድስት ሰዓት ስለጠነከረው የወፍጮ ዘንግ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ደግፌ ወሰኑ
የእርሻ መሣሪያና የወፍጮ መለዋወጫ ማደሻ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
አምቦ

ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ የማዕከሉ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በቅርቡ ለቢሮዎ የተገዛልዎ ተሽከርካሪ ወንበር በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጂራ ሞሲሳ፣ የመልካ ጉዳ ገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር የወፍጮ ሠራተኛ፣ ከሳሌ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ሳሉም የዱቄት ነውና አያስጨንቅዎ።

ይህን ደብዳቤ በማዕከልዎ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመለጠፍ የበቃሁት በራስዎ ፈቃድ ነው። ባለፈው ወር በበተኑት ሰርኩላር «ተገልጋዩ ሰፊ ሕዝብ ገንቢ ሂሱን በጽሑፍ፣ በግልጽና ያለ ፍርሃት ያቅርብ» ብለው ነበር። ከሰርኩላሩ ሥር ለሂስ የተተወው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ መሆኑን ሳይ አዘንኩልዎ። እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው ሂስ አምሮት ወር ሙሉ ሲጠብቅ አንድ እንኳ የሚያቀርብለት መጥፋቱ ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ከሥራዬ ሰዓት ቀንሼ ብዕር አነሣሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሁለት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ትናንት ማክሰኞ ደርሶናል። ወፍጯችን «በሠራተኛው ቸልተኝነት ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ ስለሆነ» የፊታችን ዓርብ ተነቅሎ በባኮ በኩል ለሚገኝ ሌላ ማኅበር እንዲሰጥ ወስነዋል። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ደብዳቤውን ጮክ ብለው ቢያነቡልንም ከአገልግሎት ውጭ የሆነው ወፍጮ በጣም ስለሚጮኽ ምንም አልሰማንም። ሁለት ጊዜ አስደገምናቸው። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቼ ነው ከአገልግሎት ውጭ መሆናችንን የተረዳነው።

እንግዲህ ዓርብ ሳይደርስብኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ/ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። የወፍጯችን ዘንግ አርጅቶ ባለፈው ነሐሴ አዲስ ስንጠይቅ፣ ማዕከልዎ ዘንጉን በቶርኖ ማሽን ቀርጾ ከውጭ በመጣው ምድጃ ሊያጠነክርልን ቃል ገባ። ይህን ምድጃ እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን በአጭሩ ላስረዳ። ብረቱ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ አምስት መቶ ዲግሪ በሚያህል ሙቀት ይቀመጥና አሞኒያ የሚባል፣ እንዳልተጠረገ ጋጣ የሚሸት ጋዝ ይለቀቅበታል። ናይትሮጂኑ ከጋዙ እየተለየ ቀስ በቀስ ወደ ብረቱ ቆዳ ይሰርጋል። የሰረገበት ቆዳ ሞረድ የማይበላው ጠንካራ ይሆናል፤ የውስጡ ብረት ግን እንደ ቀድሞው ስለሚቀር ዘንጉ በቀላሉ አይሰበርም። ይህን የተማርኩት በድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ስምንት ዓመት ስሠራ ነው። እዚያ ወደ ምድጃው የሚገባውን ብረት የእጃችን ቅባት እንኳ እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ነበር የምንይዘው። በእርስዎ ዘንድ ግን የአብዮት በዓል እንግዶች ሊጎበኙ ስለሚመጡ፣ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው ዕቃ ሁሉ እንዲያበራ ተብሎ የብር ቀለም ተቀባ፤ ያውም ለምድጃ ጭስ ማውጫ የሚቀባው፣ እሳት የማይበግረው ዓይነት። እንግዶቹ አጨብጭበው ሄዱ፣ ዘንጉም ከነጌጡ ምድጃ ገባ። ምስኪኑ ናይትሮጂን መግቢያ አጥቶ በር ላይ እንደቆመ መዋሉን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

2ኛ/ ስለ ፍጥነቱ ደግሞ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ናይትሮጂን በባሕርዩ ዳተኛ ነው፤ አሥር ሰዓት ሙሉ ተለፍቶበት ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም አልፎ አይገባም። ስለዚህ ሌላው ዓለም ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ይጠብቀዋል። ማዕከልዎ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለኩሶ፣ የውይይት ክበብ ስለነበረ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠፋና «የአርባ ስምንት ሰዓቱን ሥራ በስድስት ሰዓት በመፈጸም ፕላኑን ስምንት እጥፍ አሳካን» ብሎ በሰሌዳ ላይ ጻፈ። የምርት ውድድሩን ባንዲራም እንደወሰዳችሁ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጉድለቱ የናይትሮጂኑ ነው፤ እስካሁን በማንም ማኅበር አልተመዘገበም፣ ስብሰባ አይወጣም፣ ፕላን ሲነገረውም አይሰማም።

3ኛ/ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ዘንጉን ልረከብ ስመጣ «እጅግ ጠንካራ» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። በሞረድ ልሞክረው ብል «ቀለሙ ይጫራል» ተብዬ ተከለከልኩ። ወረቀቱን ዛሬም በክብር አስቀምጬዋለሁ፤ ከዘንጉ ይልቅ እሱ ብዙ ቆይቷል።

ዘንጉን በመስከረም መጨረሻ ገጠምኩት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከኩሽኔታው ጋር የሚገናኘው አንገቱ ተበልቶ ድንጋዩ ይንገዳገድ ጀመር፤ ሰው ሳይጎዳ አቆምኩት። ከዚያ በኋላ እናቶች እህላቸውን አዝለው እስከ ጉደር መሄድ ግድ ሆነባቸው። የጎረቤቴ ልጅ ባየሽ ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ስለነበር ያን ያህል መንገድ አትችልም። አንድ ቀን ጎራ ብል ሕፃኑን አስተኝታ በቆሎዋን በእጅ ወፍጮ ትፈጫለች፤ መዳፏ ተልጧል። ቀና ብላ አየችኝና «አካም፣ ኦቦ ጂራ» ብላ ሰላምታዋን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጓድ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁምና፣ በዚያን ቀን አፈርኩ። የወፍጮ ሠራተኛ እየተባልኩ ቁጭ ብዬ አራስ በእጇ ስትፈጭ ማየት ክፉኛ አናደደኝ፤ ንዴቴም ዛሬ ድረስ አልበረደልኝም።

4ኛ/ ስለ ቸልተኝነቴ። ቅሬታዬን ስጽፍልዎ ሊያይ የመጣ ሰው ባይኖርም፣ ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ በዚያው ቀለምና በዚያው ስድስት ሰዓት ያለፈ ሁለተኛ ዘንግ በቸርነትዎ ልከውልኛል። እዚህ ላይ ጥፋቴን አምናለሁ፤ የላኩልኝን ዘንግ እንዳለ አልገጠምኩትም። የሴቶች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ወይዘሮ ድንቅቱ በአሸዋና በአመድ አሽተው ቀለሙን አስለቀቁትና ለቀጥቃጩ ለኦቦ ፈየራ ሰጠነው። ኦቦ ፈየራን ያስታውሷቸዋል። አምና ለሥልጠና ከተመረጡት መካከል «ኋላ ቀር አሠራር» ብለው ስማቸውን የሰረዙት ሽማግሌ ናቸው።

ኦቦ ፈየራ የበሬ ቀንድና ሰኮና ፍቀው ከከሰል ጋር ደባለቁ። ዘንጉን በዚያ ቀብረው በአሮጌ የቆርቆሮ በርሜል ዘጉት፤ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ መርገው ከእሳት አገቡት። በእሳቸው ቤት አንድ ደንብ አለ፤ «ደረሰ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አንድ ጆንያ ከሰል ያመጣል። ደንቡ ከአባታቸው የወረደ ነው፣ ለማንም አይላላም። እኔ የድሬዳዋ ባለሙያ ነኝ ባዩ ሦስት ጆንያ ተቀጣሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀ መንበርም ለመንግሥት ሥራ ነው የጠየቅሁት ብለው ቢከራከሩ አንድ ጆንያ ከማምጣት አልዳኑም። ሦስተኛውን ጆንያ ሳወርድ ኦቦ ፈየራ ሳቁብኝና «ሱታ፣ ኦቦ ጂራ፣ ሱታ! ቀስ በል! አልገባበትም እኮ ገና፤ ሳይገባ ገባ ብዬ ላውጣልህ?» አሉኝ። በቀንዱና በሰኮናው ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከከሰሉ ጋር ወደ ብረቱ ቆዳ እንደሚገባ እኔ ነገርኳቸው። ስሙን ግን አልወደዱትም፤ ለእሳቸው ሥራው ሥራ ነው፣ ጊዜው ደግሞ ጊዜው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ፈቅደው ከፈቱት፣ ውሃ ውስጥም ነከሩት። በሞረድ ሞከርኩት፤ ሞረዱ አንሸራቶት አለፈ። ኅዳር 22 ቀን ገጠምኩት። እነሆ ሁለት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት እየፈጨ ነው፤ አንገቱም እንደተገጠመ ነው። ባየሽም መዳፏ ድኖ ልጇን አዝላ ተራ ትይዛለች። እንግዲህ ዓርብ የሚነቀለው ይህ ወፍጮ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዓርብ መኪና ብቻ አይላኩ፤ ራስዎ ይምጡ፣ ከማዕከሉም የተሻለውን ሞረድ ይዘው ይምጡ። ወፍጮውን አቁሜ ዘንጉን እፈታልዎታለሁ፤ በገዛ እጅዎ ይሞክሩት። ሞረዱ ብረቱን ከበላው ቸልተኛ መሆኔን በዚሁ ግድግዳ ላይ ጽፌ እፈርማለሁ፣ ወፍጮውንም ራሴ ነቅዬ መኪናዎ ላይ እጭናለሁ። ሞረዱ ካንሸራተተ ግን ወፍጮው ከመልካ ጉዳ እንደማይነሣ እርስዎ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይጽፉልናል፤ ኦቦ ፈየራንም ወደ ማዕከሉ ጠርተው ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጧቸዋል፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ማጥፊያውን የሚነካ ሰው ካለ ከሰል ያስመጡታል።

በዱቄት በነጣ ኮፍያዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለፈጣኑ ማዕከልዎ ዘገምተኛና ያማረ ዕድሜ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ጂራ ሞሲሳ
ከአገልግሎት ውጭ የሆነው ወፍጮ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ በከተማው ያለው ወፍጮ የማዕከልዎን ዘንግ ከገጠመ ወዲህ ሥራ ስላቆመ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ እንግዳወርቅ ጤፋቸውን ይዘው እኛ ዘንድ መምጣት ከጀመሩ አንድ ወር አልፏቸዋል። ተራቸውን ጠብቀው የሚያስፈጩ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ዱቄታችንንም «እንዲህ የደቀቀ አይቼ አላውቅም» ብለው አመስግነውናል። ለፊታችን ቅዳሜም ሰባተኛ ተራ ይዘዋል። ወፍጮውን ዓርብ የሚያስነቅሉ ከሆነ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ቤት ሲገቡ እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኛ አንደፍርም።