ይታገሱን ያስመረጥኩበት ዓመት

ግንቦት 9

ቡሬ። ጠዋት ሁለት ኪሎ ገብስ ይዤ ወፍጮ ቤት ተሰለፍኩ። ለገብሱ አይደለም... ሴቶቹ ስለ ምርጫው የሚሉትን ለመስማት ነው። ስለ እኛ ዕጩ ስለ ይታገሱ አንዷ፣ "አፉ ያምራል፤ ግን የማን ልጅ ነው?" አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ "አያ አለበል እኮ ለቅሶ ቀርተው አያውቁም።"

ገባኝ። ተቀናቃኛችን አያ አለበል መድረክ ላይ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። የሚበልጡን ለቅሶ በመድረስ ነው።

ግንቦት 12

ጅጋ። የይታገሱን የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ አስር ደቂቃ አሳጠርኩት። አኮረፈ። ያኩርፍ! አብረን ስናስተምርም እንዲሁ ነበር፤ ማታ ይረሳዋል። ከሰዓት መንደር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ሞንታርቦውን ከመኪናው ላይ አስወረድኩና ይታገሱን ይዤ ወደ ለቅሶው ሄድኩ።

"ምን ልበል?"

"እግዜር ያጽናችሁ በል። ከዚያ ዝም።"

"ስለ ምርጫውስ?"

"ትንፍሽ እንዳትል።"

ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ፤ ንፍሮውን በላ። ሲነሳ ሦስቱ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙት።

ሰኔ 16

አሸነፍን!! በትንሽ ድምፅ ነው፤ ቢሆንም አሸነፍን። ሰው ይታገሱን ተሸክሞ ሲጨፍር እኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ለስላሳ እጠጣለሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ደስ ሲል! ኮርቻለሁ... ከራሴ ምን እደብቃለሁ?

መስከረም 29

ይታገሱ የዞናችን አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። እኔም ዋና አማካሪው ሆንኩ። ፍኖተ ሰላም ቢሮ ተሰጠኝ፤ በሩ ላይ "ውዳሴ ዘሩ" ይላል። ሁለቴ ወጥቼ አነበብኩት። አባቴ፣ ቄስ ዘሩ፣ ከገጠር መጣ። ወንበሩን አየ፣ መጋረጃውን ነካ ነካ አደረገ። "ሹም ሲስቅ አብሮ የሚስቅማ ሞልቷል፤ አንች ሲሳሳት ንገሪው" ብሎኝ ባርኮኝ ሄደ።

ኅዳር 19

ነገ ሽንዲ አጠገብ የውሃ ጣቢያ ይመረቃል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ከባሕር ዳር እንግዶች ገብተዋል። እኩለ ቀን ላይ ስልክ... አያ አለበል አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ፣ እዚያው ሽንዲ።

ይታገሱ፣ "የአበባ ጉንጉን ይላክ። የሐዘን መግለጫ ጻፊ" አለኝ።

"አልጽፍም።"

"እንዴት?"

"ጉንጉን ለቅሶ አይደርስም። አንተ ትሄዳለህ። ምረቃው ይቀራል።"

"እንግዶቹንስ ምን ላድርጋቸው?"

"እነሱም ለቅሶ ይድረሱ።"

ጠረጴዛውን መታ። "አማካሪ ነሽ እንጂ አዛዥ አይደለሽም!"

የቢሮዬን ቁልፍ ፊቱ አስቀምጬ ወጣሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ... በጣም። ግን አገሩ ሬሳ ይዞ እያለቀሰ እኛ ከጎኑ ሪባን ብንቆርጥ ከዚያ በኋላ ማን ያምነናል? ውሃውንስ ማን ይጠጣዋል?

ኅዳር 20

ማለዳ መኪና ደጄ ቆመ። ይታገሱ ራሱ። ጥቁር ለብሷል። ቁልፌን መለሰልኝና "ግቢ፣ እንዳይረፍድብን" አለኝ። እንግዶቹም ተከተሉን።

ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ሰው ሁሉ አየው። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ጥር 5

አርባው ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቀን ቆርጠው ጠሩን። ዛሬ ውሃው ተከፈተ! ቧንቧውን የከፈቱት የአያ አለበል ባለቤት እማማ አስካለ ማርያም ናቸው፣ በጥቁር ልብሳቸው። እልልታው ለጉድ ነበር።

እንደ ልማዴ ከኋላ ቆሜያለሁ። እማማ አስካለ ማርያም ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡና እጄን ያዙ።

"ባሌን በምርጫ የጣልሽው አንች ነሽ አሉ።"

"አዎ፣ እማማ።"

"ያውቅ ነበር እኮ! 'ያችን ልጅ እኔ ብይዛት ኖሮ አልሸነፍም ነበር' ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።"

ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሥራዬን አይተውልኝ ኖሯል... እኔ ለቅሶ መድረስን ከእሳቸው ተምሬ አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ብዬአቸው አላውቅም። ኮርቻለሁ፤ እንደ ዛሬም ኮርቼ አላውቅም። ያሸነፍኳቸው ሰውዬ እንዲህ ይናፍቁኛል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።