ያወጣኋት አንድ መስመር

ጥቅምት 11

ጋሽ ቢሻው ዛሬም በር ላይ አስቆሙኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚያዩኝ ዘበኛ! "ደብተሩ ላይ ስምሽን አስፍሪ ልጄ።" ደብተሩ ደግሞ... ጠርዙ በእጅ እድፍ ጠቁሯል፣ ዝናብ ነክቶት አብጧል። መንካቱ ራሱ ይቀፋል። በሁለት ጣቴ ይዤ 2፡30 ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ 2፡50 ነበር። አዩት። ሰረዙና 2፡50 ብለው አረሙት። አናደዱኝ።

ለነገሩ የእኔም፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ፣ ቀን ደርሷል። ፋየርዎሉ መጣ። ከእንግዲህ የቢሮው ኢንተርኔት፣ የሚገባውም የሚወጣውም፣ በዚህች ሳጥን በኩል ያልፋል። እኔም የራሴ በር ሊኖረኝ ነው። ያለ ቆሻሻ ደብተር።

ጥቅምት 13

ሳጥኑ የት ይቀመጥ? ኃላፊያችን አቶ እንዳልካቸው "ግምጃ ቤቱ ይበቃዋል" አሉ። ገባሁ። የአይጥ ኩስ፣ የሻገተ የስብሰባ ባነር፣ አንድ እግር ጫማ... የማን ነው? ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ግማሽ ቀን ስጠርግ ዋልኩ። አሮጌው ራውተር ላይ የይለፍ ቃሉ ተጽፎ በፕላስተር ተለጥፏል፦ 12345678። ማን ለጠፈው ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ሳቀ።

ጥቅምት 17

ሳጥኑ ሥራ ጀመረ። ለጊዜው መዝጋት የለም፣ ማየት ብቻ። የትኛው ማሽን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ገባ... ሁሉን ይመዘግባል።

ምነው ባላየሁት። ቤቲንግ፣ ቤቲንግ፣ ቤቲንግ። ገበሬው ለመሬቱ ጉዳይ ከአዲስ ቅዳም ድረስ መጥቶ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ የኳስ ውርርድ ቲኬት ይቆርጣሉ።

ከሰዓት አቶ እንዳልካቸው ጠሩኝ።

"የእኔ ማሽን ከመዝገቡ ይውጣ።"

"ሁሉንም ነው የሚመዘግበው። የእርስዎን ብቻ ላወጣ አልችልም።"

"ጥሩ" አሉ። ፈገግም አሉ። ምን የሚያስቅ ነገር አለው?

ጥቅምት 28

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መዝገብ ቤት እትዬ በቀለች ጋ ገብቼ ቆየሁ። የፎቁ ፕሪንተር ከእሳቸው ማሽን ጋር ነው የተገናኘው፤ ወረቀት ማውጣት የፈለገ ሁሉ እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይለፍ ቃል ላበጅልዎ ብዬ ነበር፤ "እረሳዋለሁ ልጄ፣ ደሞ ሰው ይቸገራል" አሉኝ። አንድ ሽማግሌ የመሬት ወረቀታቸው ጠፍቶባቸው መጡ። እትዬ በቀለች በአዊኛ ትንሽ አጫወቷቸውና ከመደርደሪያው መዘው ሰጧቸው። ኮምፒውተሩን እንኳ አልነኩትም። ጡረታቸው አምስት ወር ቀረው።

ኅዳር 9

"ከላይ ተጠይቀናል" አሉ አቶ እንዳልካቸው። "በሥራ ቦታ ቤቲንግ የሚጫወት ሠራተኛ ተለይቶ ይላክ። አንድ ገጽ ይሁን።"

አወጣሁት። ከሁሉ በላይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መዝገብ ቤት፣ የእትዬ በቀለች ማሽን። አስራ አንድ ቀን ሙሉ! ሳቄ መጣ። ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሳጥኑ የሚያውቀው ማሽኑን ነው፤ ማሽኑ ላይ የተቀመጠውን ሰው አያውቅም።

አነበቡት። "ይቺን አውጪያት። ታምታታለች።"

አወጣኋት።

ለምን? ቸኩዬ ነው? እንዲያው እምቢ ለማለት ስለማይመቹ... አይደለም። የእድገት ወረቀቴ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። እሱ ነው።

ኅዳር 16

ለእትዬ በቀለች ደብዳቤ ደረሳቸው። "በሥራ ሰዓትና ቦታ ቁማር በመጫወት..." ወደ አዘና ከተማ ቢሮ ተዛውረዋል። በሳምንት ውስጥ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ ይላል። ደብዳቤውን ይዘው ቀጥታ እኔ ጋ መጡ። እኔ ጋ!

"ቤቲንግ ማለት ምንድን ነው ልጄ?"

"የኳስ... ቁማር ነው እትዬ።"

አማተቡ። ደብዳቤውን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። "አዘናስ ይሁን። ሰውዬዬን ማን ይወጋልኛል?" ባለቤታቸው ስኳር አለባቸው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ቤት ሮጠው መርፌውን የሚወጓቸው እሳቸው ናቸው።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ምን ነክቼ ነው?

ኅዳር 18

ምሳ ሰዓት! ከትናንት ወዲያ እንዴት አልታየኝም? የሳጥኑን መዝገብ ከፍቼ ሰዓቶቹን ብቻ አየሁ። አስራ አንዱም ቀን ከ6፡40 እስከ 7፡25። እትዬ በቀለች በዚያ ሰዓት ቤታቸው ናቸው። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ለጋሽ ቢሻው ሰጥተው ነው የሚሄዱት።

በር ወረድኩ። "ጋሽ ቢሻው፣ በምሳ ሰዓት ቁልፉን ማን ይወስዳል?"

"እኔ በር ነው የምጠብቅ። የሰው ነገር አላወራም።"

"እትዬ በቀለችን ወደ አዘና ሊሰዷቸው ነው።"

ግራ ቀኝ መንገዱን ቃኙ። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "እኔ አላወራሁም። ደብተሩ ግን የመንግሥት ነው።"

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ገለጥኩት። "ቁልፍ ወሰደ፣ እንዳልካቸው፣ 6፡38። መለሰ፣ 7፡27።" ቀጣዩም ቀን እንዳልካቸው። ቀጣዩም። አስራ አንዱም። ደብተሩ ላይ "አቶ" የሚባል ነገር የለም። እዚህ ማስታወሻዬ ላይም ከዛሬ ጀምሮ ለእሱ አንቱታ ቀርቷል።

ዝርዝር አምጪ ሲለኝ የማን ስም እንደሚወጣ ያውቅ ነበር። የራሱን ማሽን የተወው ሳጥኑ እንደሚያየው እኔው ስለነገርኩት ነው። እየሳቀ። የእትዬ በቀለች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እሳቸው ባላቸውን ሲወጉ... እኔም ጽፌ አሳምሬ፣ በአንድ ገጽ፣ አቀረብኩለት።

ኅዳር 23

የእትዬ በቀለችን ቅሬታ ሊሰማ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ማናየሽ ናት። እንዳልካቸው አስረጂ ሆኖ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

"ሪፖርቱ ላይ የጎደለ መስመር አለ" አልኩ። አነበብኩት። "ጽፌው ነበር። አውጪው ተባልኩ፣ አወጣሁት።"

"ማን አለሽ?" አለች ማናየሽ።

"አቶ እንዳልካቸው።"

ስልኩን ነበር የሚያየው። ቀና እንኳ አላለም።

ጋሽ ቢሻውም ተጠርተው ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ማናየሽ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየገለጠች አየች፤ በእጇ አልነካችውም። ከሳጥኑ ሰዓት ጋር አስተያየች። አንዱ ገጽ ላይ ቆመች፣ ሌላው ላይ ቆመች። ስሙን ጮክ ብላ አላነበበችም። "ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳል" ብላ ዘጋችው።

ኅዳር 30

የእትዬ በቀለች ዝውውር ተሰረዘ። ምክንያቱ? "በመሣሪያው የቴክኒክ ስህተት።" የሳጥኑ ስህተት! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ቀጥሎ ሳጥኑ ራሱ "ለጥገና" ይነቀል ተባለ። በእጄ ነቀልኩት። እዚያው አይጦቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጧል። አሮጌው ራውተር ተመልሶ ተሰካ፣ ከነፕላስተሩ።

እንዳልካቸው ኮሪደር ላይ አገኘኝና ሰላም አለኝ። ለመጨበጥ እጁን ዘረጋ። በሁለት እጄ ገመድ ይዣለሁ ብዬ አለፍኩት።

ታኅሣሥ 7

ለእኔም ደረሰኝ። ይዘውት የመጡት እትዬ በቀለች ናቸው፤ ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸውና።

"ለወ/ሮ ፋና መሳፍንት።" እኔ መቼ አገባሁ? ሁለተኛ አነበብኩት። የእትዬ በቀለች ደብዳቤ ራሱ ነው። ኮማው ሳይቀር ያው። ወደ አዘና። ስሙን ብቻ ቀይረው "ወ/ሮ"ዋን ረስተዋታል። ሰውን ከቤቱ የሚነቅሉት ፊደል ለማረም እንኳ ሳይደክሙ ነው።

"ቁጥር አልሰጠውም፣ ይቅር" አሉ እትዬ በቀለች።

"ይመዝግቡት እትዬ። ሰዓቱንም ጭምር።"

ማታ ስወጣ ጋሽ ቢሻው ደብተሩን ዘረጉልኝ። ዛሬ በሁለት ጣት አልያዝኩትም።

ታኅሣሥ 13፣ አዘና

አዲሱ ቢሮ አንድ ኮምፒውተር አለው። አራት ሰው ይጋራዋል። ቁልፎቹ ላይ የቆሎ ገለባ ሞልቷል። በሩ ላይ ዘበኛ የለም።

ገበያው ዳር ካለው ሱቅ ባለመስመር ደብተር ገዛሁ። ቀዳዳ አበጅቼ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ጋር በሲባጎ አሰርኩት። ማን ተቀመጠ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ውዴ የምትባለው ጸሐፊ "እንተዋወቅ የለም እንዴ እዚህ?" አለች። እንተዋወቃለን አልኳት፤ ማሽኑ ግን አያውቀንም።

የመጀመሪያውን መስመር ራሴ ሞላሁ። ፋና መሳፍንት። ሰዓት... ሚኒባሱ አርፍዶብኝ ነበር። 2፡30 ብዬ ልጽፍ እጄ ሄደ። ሰረዝኩት። 2፡50።