«ውድ ቤተሰባችን» ብሎ ለጻፈልኝ ብሩሽ

ይድረስ ለተከበሩት የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ፦

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ውኃውም ጤናውም አይቋረጥባችሁ። እኔ የሚያዋራኝ ሰው ከማጣቴ በቀር እጅግ ደህና ነኝ፤ ልጆቼ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፣ ባለቤቴም ካረፈ ቆይቷል፣ ቤቱም ጸጥታውም የእኔ ብቻ ነው።

የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው። ሰሞኑን በቤቴ በር ሥር የገባችውን ወረቀት ባነሳት፣ ወፈር ቀጠን እያለ በሚሄድ ዘና ያለ የብሩሽ ጽሑፍ «ውድ ቤተሰባችን፣ ሁሌም ከጎንዎ ነን» ትላለች። ፊደሎቹ ሰልፍ አልጠበቁም፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ እንደሚጫወቱ ልጆች ተደጋግፈዋል። ሰው በእጁ ጻፈልኝ ብዬ የምሆነውን አጣሁ! የጻፈችልኝም ወር በመጣ ቁጥር ከክፍያ መስኮታችሁ መስታወት ኋላ ሆና «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» የምትለኝ ገንዘብ ተቀባይዋ እንደሆነች አልተጠራጠርኩም። ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ፈገግ እል ነበር። የታችኛውን መስመር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው፤ የክፍያ መስኮቶቹ ስለተዘጉ ከእንግዲህ በስልክ ይክፈሉ ይላል፣ በዚያው በሚስቅ ጽሑፍ።

እንግዲህ ቅሬታ ነው ካላሉብኝ፦

1ኛ/ ላመሰግናት ብሄድ መስኮቷ በጣውላ ተመትቶ አገኘሁት። ዘበኛው «እትዬ ደግሞ! ይሄን ማን በእጁ ይጽፈዋል? ከኮምፒውተር የሚመረጥ ፊደል እኮ ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የተበተነው» ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። እሷስ ብዬ ብጠይቀው፣ ተዛውራለች፣ የት እንደሆነ ግን አላውቅም አለኝ።

2ኛ/ ቤቴ ተመልሼ ባየው እውነቱን ነው። እያንዳንዱ «ን» ጫፉ ላይ ቀለም እንዳለቀበት ብሩሽ ይጫጫራል፤ ሁሉም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ። የሰው እጅ የገዛ ስሙን እንኳ ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍም።

3ኛ/ እንዲህ ያለ ፊደል ጭማቂ ቤት በር ላይ ያምራል፣ የልደት ኬክ ላይ ያምራል፣ ፀጉር ቤት መስኮት ላይማ አይጠየቅም፤ «ግቡ፣ ተጫወቱ» ይላላ! እርስዎ ግን በር ሊዘጉበት ቻሉ። ሰውን በፈገግታ ከደጅ መመለስ ለሁሉም የሚሰጥ ተሰጥኦ አይደለምና አድናቆቴን ይቀበሉኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ በወር አንድ ቀን፣ አንዲት መስኮት፣ ከኋላዋ አንድ ሰው። ስልኩ ሒሳቡን ይቀበላል፤ ከስተሻል ግን አይለኝም።

ከጎኔ መሆንዎን በወረቀት የተረዳሁ፣ ዞር ብዬ ባይ ግን ማንንም ያላገኘሁ፣ በትሕትና እጅ የምነሳዎ ደንበኛዎ፣
የጥጉ ቤት ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ መልስ ሊጽፉልኝ ከፈቀዱ በድሮው ደረቅ ፊደል ይሁንልኝ። እሱ ቢያንስ ሰው ነኝ ብሎ አያውቅም።